የኦቦ ሙሐዲን ጆሮ የመሰከረው

ኦቦ ሙሐዲን አባ ፊጣን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ሦስት ዓመት በአንድ ከተማ ኖረናል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባል ነበር። አንድ ጊዜም ዝናብ ይዞን በአንድ በረንዳ ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ስለ ዝናቡ ተነጋግረናል። ከዚያ ውጭ ስለ እሳቸው የማውቀው ሰዎች የነገሩኝን፣ በቃለ ጉባኤ ላይ የጻፍኩትንና በ1982 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ ጅማ ቦሳ ኪቶ፣ ልጃቸው ቤት ተቀምጠን ያጫወቱኝን ብቻ ነው። ከእኔ የተሻለ የሚያውቃቸው ሰው ቢጽፈው ደግ ነበር። ግን የሚያውቋቸው ሰዎች ሥራ አላቸው።

ከተማዋ ከሸቤ አለፍ ብላ ያለች ትንሽ የቡና ከተማ ናት። ስሟን ተዉልኝ፤ ግማሾቹ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ሌሎቹም ልጆች አሏቸው። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ የቡና መጋዘን፣ አንድ ወፍጮ ቤትና ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ አንድ ቀበሌ ነበራት። ወፍጮው አልፎ አልፎ ይበላሽ ነበር። ቀበሌው አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

ኦቦ ሙሐዲን ቡና ገዢ አልነበሩም፤ ሻጭም አልነበሩም። ሥራቸው መስማት ነበር። ገበሬው ቡናውን ከነገለባው አድርቆ በኬሻ ያመጣል፤ ይህን ጀንፈል እንለዋለን። በደንብ የደረቀ ጀንፈል በእፍኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ፍሬው በገለባው ውስጥ ከሽ ከሽ ይላል። እርጥቡ ድምፅ የለውም። ይህን ያህሉን ማንም ይሰማል። አንድ ቀን ፀሐይ የቀረውንና ሁለት ቀን የቀረውን ለይቶ የሚሰማ ግን በአካባቢው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኦቦ ሙሐዲን እጃቸውን እስከ ክርናቸው ኬሻው ውስጥ ይከታሉ፤ ከሆዱ አንድ እፍኝ ያወጣሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ቀኝ ጆሯቸው ያስጠጉና ሦስት ጊዜ ይነቀንቃሉ። ከዚያ «ደርሷል» ወይም «ገና ነው» ይላሉ። ገና ነው ከተባለ ገበሬው ኬሻውን ተሸክሞ ወደ ማድረቂያ ሰሌኑ ይመለሳል፤ ይግባኝ የለም።

እሳቸው ሲነቀንቁ በግቢው ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ልማድ ነው። ሚዛን ያዡ ሚዛኑን ይይዛል፤ የሚከራከሩት ክርክራቸውን አፋቸው ውስጥ ያቆዩታል፤ ማስነጠስ የመጣበት አፍንጫውን ጨብጦ ወደ ውጭ ይሮጣል። በከተማዋ ሰው ሁሉ በአንድነት ዝም የሚልበት ጊዜ ይህ ብቻ ነበር። በኋላ ቀበሌው ሌሎች ጊዜዎችን ጨመረ።

ኦሮሞዎቹ አባ ጉራ ይሏቸዋል፤ የጆሮ ጌታ እንደማለት ነው። ከሌላ አገር የመጡት ሹሞች ቃሉን በአማርኛ እየሰሙ ይስቁ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ የመጋዘኑ ባለቤት የነበረው ነጋዴ ሄደ፤ መጋዘኑም ሚዛኑም ተወረሰ። ጆሮ በየትኛው አዋጅ እንደሚወረስ የተላለፈ መመሪያ ስላልነበረ ኦቦ ሙሐዲን በገበሬዎች ማኅበር ሥር በደመወዝ ተቀጠሩ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ለይኩን ይባላል። ድሮ ግብር ሰብሳቢ ነበር፤ ረጅም ንግግር ያውቃል። የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ደግሞ ሣህሉ ነው። እሱ ንግግር አያውቅም፤ ምንሽር ነበረው። ሁለቱ በጣም ይዋደዱ ነበር፤ ቢያንስ በስብሰባ ላይ። በኅዳር 1970 መጀመሪያ ላይ ግን ለይኩን የእስር ቤቱን ቁልፍ በሰው ፊት ከሣህሉ ወገብ ላይ ፈትቶ ወሰደበት። አንዳንዱ ለፍትሕ ብሎ ነው አለ፤ አንዳንዱ ቁልፉን ለራሱ ፈልጎት ነው አለ። እኔ ቁልፉን አይቼዋለሁ፤ የሚያምር ቁልፍ አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ለይኩን በመጋዘኑ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ብቻውን ይሄድ ነበር። የመንገዷ አንድ ወገን የቀበሌው ግቢ አጥር ነው፤ ሌላው ወገን የቡና ማሳ ነው። በዚያች ደቂቃ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ኦቦ ሙሐዲን የአንድ ገበሬ ጀንፈል ይነቀንቁ ስለነበር ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። በጸጥታው መሀል ተኩስ ተሰማ። ለይኩን ወደቀ፤ እዚያው ሞተ።

ማንም አላየም። ሁሉም ሰምቷል።

ሰው የሚያወራው ስለ ሁለት ነገር ነበር። ተኩሱ ከቡና ማሳው የመጣ ሽጉጥ ከሆነ ገዳዩ አናርኪስት ነው፤ አናርኪስት የሚባሉት ሽጉጥ ይይዙ ነበርና። ከቀበሌው ግቢ የመጣ ምንሽር ከሆነ ደግሞ… እዚህ ላይ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ስለ ቡና ዋጋ ማውራት ይጀምራል። ጥይቱ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ወጥቷል፤ ሟቹም ሲወድቅ ዞሯል፤ ስለዚህ ከየት እንደተመታ አስከሬኑ አይናገርም። ሐኪም አልነበረም። ድሬሰሩ የቁስሉን ስፋት እንዲጽፍ ታዘዘ። ድሬሰሩ ሚስትና አምስት ልጆች ነበሩት፤ «መካከለኛ» ብሎ ጻፈ።

በዚያው ቀን ሣህሉ ገዳዩን ያዘ። የተያዘው ፈየራ የተባለ ወጣት አስተማሪ ነው፤ ከጅማ መምህራን ማሠልጠኛ ወጥቶ ለልጆች ሒሳብ ያስተምር ነበር። ጥፋቱ የተከራየው ክፍል ከቡና ማሳው ጀርባ መሆኑ ነው። ቤቱ ሲፈተሽ ሽጉጥ አልተገኘም፤ ይህም ሽጉጡን እንደደበቀ ማስረጃ ሆነ። ቀይ ሽፋን ያለው መጽሐፍም ተገኘ። መጽሐፉ ግን ሞስኮ የታተመ ስለነበር ሊቃጠል ይገባው ወይስ ሊጠና ማንም ሊወስን አልደፈረም። በዚያ ወራት የዚህ ዓይነት ተከሳሽ ሳምንት አይቆይም ነበር። ፈየራን ያቆየው ያ መጽሐፍ ይመስለኛል። ልሳሳት እችላለሁ።

ከጅማ መርማሪ እስኪመጣ ቀበሌው የሰሙትን ሰዎች ቃል እንዲመዘግብ ተወሰነ፤ ጸሐፊም ተፈለገ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ የእጅ ጽሑፌም ይነበባል፤ ከዚህ በላይ መስፈርት አልነበረም። አርባ አንድ ሰው መዘገብኩ። ሥጋ ሻጩ አምስት ጥይት ሰምቷል። ወፍጮ ቤቱ ጎረቤት ያለው ሰው ሰባት ሰምቷል፤ ሞተሩ በዚያ ሰሞን ይተኩስ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል፤ «ግን ሰባት በለው» አለኝ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ ከጎረቤቷ ጋር እየተጣላች ስለነበር ምንም አልሰማችም፤ ተቀጣች። ከሁሉ የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ቤቱ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት የቀረበ ሰው የሰማው ጥርት ያለ ሽጉጥ ነበር። ከቀበሌው እየተራቀ ሲኬድ ድምፁ ቀስ በቀስ ወደ ምንሽር ይለወጣል። ወንዙን ተሻግረው ያሉት ከነአካቴው የተኳሹን ስም ሰምተዋል።

እንዲህ ያለ ምስክር የሞላበት ከተማ አንድ እውነተኛ ጆሮ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ጆሮውም ነበረ። «አንድ ቀን ፀሐይ የሚለይ ጆሮ፣ ሽጉጥና ምንሽር ይሳሳታል?» ይባባል ጀመር ሰው። እኔም ብያለሁ። ዛሬ ሳስበው አንድ ሰው ጥሩ ሽንብራ ስለሚዘራ ጥርስ ይንቀል እንደማለት ነው። ያኔ ግን ማንም፣ የተማርነው ጭምር፣ ለአንዲት ደቂቃ አልተጠራጠርንም።

ችግሩ ኦቦ ሙሐዲን አስቀድመው መናገራቸው ነው። ተኩሱ ከተሰማ ከአንድ ሰዓት በኋላ የዘይቡ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሰዎች ሲከቧቸው «ምንሽር ነው። አንድ ጥይት። ከቀበሌው ግቢ» ብለዋል። ሃያ ዓመት በጆሮው ሲደነቅ የኖረ ሰው፣ ሁሉም ወደ እሱ ሲዞር አላውቅም ማለት ይከብደዋል። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወሬው ሣህሉ ዘንድ ደረሰ።

ሣህሉ በማግሥቱ መጋዘን መጣ። ምንሽሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ኬሻ ላይ ተቀመጠ፤ በጣም ትሑት ነበር ይላሉ። ከኮቱ ሥር አዲስ የሱፍ ፎጣ አወጣ።

«ጋሼ ሙሐዲን፣ ጆሮ ትልቅ ሀብት ነው» አለ። «ብርድ እንዳይመታው ይሸፍኑት። በተለይ በዚህ ወር።»

ኦቦ ሙሐዲን አመሰገኑ፤ ከማመስገን ሌላ ምን ይደረጋል። ሚስታቸው አዴ ለጢፋ ፎጣውን ስታይ ቤት አላስገባም ብላ ከበረት አጥር ላይ ሰቀለችው። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ የፈየራ ታላቅ እህት ሶረቲ ከሰቃ በእግሯ መጣች። ግቢ ሲሏት አልገባችም፤ ውሃ ሲሰጧት አልጠጣችም። በሩ ላይ ቆማ የተናገረችውን አዴ ለጢፋ ቃል በቃል ነግራኛለች።

«ማሎ ኦቦ፣ እለምንዎታለሁ፤ ወንድሜን ያድኑልኝ አልልም። ሻይ ቤት ያሉትን እዚያም ይበሉት። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

ኦቦ ሙሐዲን «ኢንሻአላህ» አሉ። እሷም ይህን ቃል ይዛ ተመለሰች። በሁለቱ እንግዶች መካከል ተይዘው ያን ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሱም ትላለች አዴ ለጢፋ። ያሉትን ቢደግሙ ሣህሉ አለ፤ ባይደግሙ ፈየራ ይሞታል። ቡናውን ግን መስማት አላቆሙም። በዚያ ሳምንት የተመለሰ ገበሬ ብዙ ነበር አሉ፤ ለሁሉም «ገና ነው» ይሉ ነበር።

ከጅማ የመጣው መርማሪ ጓድ ዓለምብርሃን ነበር። ውጭ አገር ሦስት ወር ሠልጥኗል፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ሳይንሳዊ እንዲሆን ይፈልጋል። አርባ አንዱን ቃል አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና «ይህ የሰፊው ሕዝብ ጆሮ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደምመልስ ስላላወቅኩ ጻፍኩት። ስለ ኦቦ ሙሐዲን ሲነገረው ግን ፊቱ በራ። ምስክሩን ከመስማቱ በፊት ጆሮውን እንፈትን አለ።

የመጀመሪያው ፈተና በጀንፈል ሆነ። ሰባት ኬሻ ቀረበ፤ ከጅማም የቡና እርጥበት የሚለካ መሣሪያ በመኪና መጣ። ከተማው ሁሉ መጋዘኑን ሞላው፤ ኦቦ ሙሐዲን ዓይናቸውን ሲጨፍኑ መርማሪው ራሱ ትንፋሹን ዋጠ። እሳቸው እየነቀነቁ ተናገሩ፤ መሣሪያውም ተናገረ። በስድስቱ ተስማሙ። በሰባተኛው ተለያዩ። መሣሪያው ደርሷል አለ፤ ኦቦ ሙሐዲን «ገና ነው» አሉ። ኬሻው ተገልብጦ ሲታይ ሥሩ ሻግቷል። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሳይታዘዝ ያጨበጨበው ከ1967 ወዲህ ያኔ ብቻ ስለሆነ ሣህሉ ደንግጦ ምንሽሩን አወረደ። መርማሪው ግን ተደስቶ «የምስክሩ ጆሮ በሳይንሳዊ ዘዴ ተፈትኖ፣ ከመሣሪያ የበለጠ አስተማማኝ ሆኖ ተገኝቷል» ብዬ እንድጽፍ አዘዘኝ። ይኸው ቃል በቴሌግራም ጅማ ሄደ።

ሁለተኛው ፈተና በተኩስ ሆነ። ሁኔታው ከግድያው ቀን ጋር እንዲመሳሰል በገበያ ቀን ይሁን ተባለ። ኦቦ ሙሐዲንን መጋዘኑ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው አስቀመጧቸው። በጀርባ በኩል አንድ ጊዜ ከቡና ማሳው፣ አንድ ጊዜ ከቀበሌው ግቢ፣ አንድ ጊዜ ሽጉጥ፣ አንድ ጊዜ ምንሽር ይተኮሳል፤ እሳቸው ምን እንደተተኮሰና ከየት እንደመጣ ይናገራሉ። ለገበያተኛው እንንገረው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ከተነገረው ሁኔታው አይመሳሰልም ተብሎ ቀረ።

መጀመሪያ ከቡና ማሳው ሽጉጥ ተተኮሰ። ገበያው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ሮጠ። ሽንኩርት፣ ዶሮ፣ የሸክላ ድስት እዚያው ቀረ፤ ያቺ የተቀጣች ሽንኩርት ሻጭ ከሁሉም ቀድማ ሮጣለች፤ በዚህኛው ጊዜ ሰምታለች ማለት ነው። ኦቦ ሙሐዲን ረጋ ብለው «ምንሽር። ከቀበሌው ግቢ» አሉ።

ሁለተኛው ምንሽር ነበር፤ የተተኮሰው ከቀበሌው ግቢ። «ሽጉጥ» አሉ። «ከቡና ማሳው።»

ሦስተኛው እንደገና ምንሽር ነው፤ ይኼኛው ከማሳው በኩል። ኦቦ ሙሐዲን ትንሽ አሰቡ፤ «ይህ ተኩስ አይደለም» አሉ። «አንድ ሰው በር ዘግቶ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ማንም አልሳቀም። መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ «ጻፍከው?» አለኝ። ጽፌዋለሁ አልኩ። «ቆይ፣ አትጻፈው» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ጻፈው» አለ። የተቸገረው በቴሌግራሙ ነው። ከመሣሪያ የበለጠ አስተማማኝ የሆነ ጆሮ ከሦስት ሦስቱን መሳሳቱን ለጅማ እንዴት ይነግራል? ጥይቶቹ አሮጌ ቢሆኑ ነው የሚል ሐሳብ ያቀረበው ሣህሉ ነው። በተፈጥሮው ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ፊቱ በጣም ደስተኛ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፈየራ በመጋዘኑ ማዶ እጁን ታስሮ፣ ከእስር ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሶረቲ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። ተኩሱ ሲሰማ ሰው ሁሉ ሲሮጥ እሷ ብቻ አልሮጠችም። ወንድሟ የተገደለ መስሏት እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ።

ቃል የመስጫው ሰዓት ደረሰ። መርማሪው ኦቦ ሙሐዲንን ከግድግዳው አዙሮ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሣህሉ ከበሩ ጋር ቆሞ ነበር።

«ጓድ ሙሐዲን፣ ሊቀመንበሩ በተገደለ ቀን ምን ሰሙ?»

«ምንሽር» አሉ። «አንድ ጥይት። ከቀበሌው ግቢ።»

ያደነቅኩት እዚህ ላይ ነው። ሻይ ቤት ያሉትን ሳያጎድሉ ሳይጨምሩ ደገሙት። ሣህሉ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። መንቀሳቀስም አላስፈለገውም፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ከማሳው የተተኮሰውን ሽጉጥ «ምንሽር፣ ከቀበሌው ግቢ» ያሉ ሰው አሁንም ምንሽር ከቀበሌው ግቢ ቢሉ ማን ያምናቸዋል?

የቀበሌው ኮሚቴ እስኪመሽ ተከራከረ። አንዱ አባል ምስክሩ ሁሉን እያገላበጠ ስለሚሰማ ቃሉም ይገልበጥ፤ ስለዚህ ተኩሱ ሽጉጥ ከቡና ማሳው ነው፤ ፈየራም ይገደል አለ። ሌላው አባል የመጋዘኑ ሚዛን ያዥ ጀማለዲን ነበር፤ ዝምተኛ ሰው ነው።

«ሦስተኛውን በር ነው ብለዋል» አለ ጀማለዲን። «የበር ግልባጭ ምንድነው?»

የምስክሩ ቃል እንዳለ ከተወሰደ ፈየራ ነፃ ነው፤ ሣህሉ ግን ይጠየቃል። ከተገለበጠ በሩ ያስቸግራል። ጨርሶ ከተጣለ ደግሞ ቴሌግራሙ አለ። መርማሪው ብልህ ሰው ስለነበር ትክክለኛውን መፍትሔ አገኘ። «ጉዳዩ ጥልቅ ጥናት የሚጠይቅ በመሆኑ ተከሳሹ ወደ ጅማ ይላክ» አስባለኝ። የእርጥበት መለኪያውና ፈየራ በአንድ መኪና ሄዱ።

ጥልቅ ጥናቱ አራት ዓመት ከሰባት ወር ፈጀ። ፈየራ በዚያ ወራት ከገባበት በር ብዙ ሰው ሲወጣና ሳይመለስ ሲቀር እያየ፣ የእሱ መዝገብ «ጆሮው እስኪጣራ» የሚል ማስታወሻ ስለነበረበት ማንም አልነካውም። በ1974 ተለቀቀ፤ አሁን አጋሮ ያስተምራል። ሣህሉ ለአብዮቱ ባደረገው አስተዋጽኦ ተሸልሞ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ለይኩን በስሙ አንድ አዳራሽ ተሰየመለት፤ ጣሪያው ያፈሳል። ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ወይም ሁሉም ያውቃል፤ ገዳዩ ግን በየሰፈሩ ይለያያል።

ስለ ኦቦ ሙሐዲን ደግሞ ሰው በሦስት ተከፈለ። አንዱ ወገን ጀግና ናቸው ይላል፤ እያወቁ ተሳስተው፣ ራሳቸውንም ፈየራንም አዳኑ። ሁለተኛው ፈሪ ናቸው ይላል፤ እውነቱን ከመናገራቸው በፊት እውነቱ ዋጋ እንዳይኖረው አደረጉት። ሦስተኛው ከቡና ሌላ ምንም የማይሰሙ ምስኪን ሽማግሌ ናቸው ይላል። እኔ ለአሥራ ሁለት ዓመት ከመጀመሪያው ወገን ነበርኩ።

በ1982፣ ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ሰው ትንሽ ትንሽ ማውራት ሲጀምር፣ ጅማ ሄጄ ፈለግኳቸው። መጋዘኑን ትተው ልጃቸው መሪማ ቤት ገብተዋል። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አዴ ለጢፋም አጠገባቸው ጎመን ትቀነጥሳለች። አላወቁኝም፤ ከዝናቡ ቀን ጀምሬ አስታወስኳቸው። ጎመኑ ተቀንጥሶ እስኪያልቅ ስለ ድሮ ሰዎች አወራን።

ድፍረቴ ሲመጣ ፈተናው ላይ ሆን ብለው ተሳስተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ጀንፈል ባሩድ የለውም፣ ልጄ» አሉና ሳቁ። «ማንም አልጠየቀኝም እንጂ በሕይወቴ ተኩስ ነቅንቄ አላውቅም።»

ይህ መልስ ነው አይደለም ብዬ ሳስብ አዴ ለጢፋ ከጎመኑ ሳትነሣ ጣልቃ ገባች።

«ምን ሰማና ነው የምትጠይቀው?» አለችኝ። «እኔ ከጓዳ ሦስት ጊዜ ስጠራው አይሰማም። ያን ቀን ደግሞ እፍኝ ቡና ጆሮው ላይ ለጥፎ ይነቀንቅ ነበር። ከተማው ሁሉ አይቶታል። እስቲ አንተም ጀንፈል ጆሮህ ላይ አድርገህ ነቅንቅና ከየት እንደተተኮሰ ንገረኝ።»

እውነቷን ነው። በግቢው የነበረ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል፤ መርማሪው ያውቃል፤ እኔም በእጄ ጽፌዋለሁ፦ «ምስክሩ በወቅቱ ጀንፈል እየሰማ ነበር።» ሁላችንም ያነበብነው ምስክሩ እየሰማ ነበር ብለን ነው። ምን እየሰማ እንደነበር እዚያው ተጽፎ ሳለ ማንም አላስተዋለም። አንድ ጆሮው በቡና ድምፅ የተሞላ ሰው ከግራ ይምጣ ከቀኝ እንዴት ይለያል? አቅጣጫው ይቅርና ተኩሱንስ ይሰማል?

ኦቦ ሙሐዲን አልተቆጡም። «አንቺ ደግሞ» ብቻ አሏት። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ ፈየራ ነገሩኝ። በየዓመቱ ለአረፋ በዓል ከአጋሮ ይመጣል፤ ስኳርና አንድ ሸሚዝ ያመጣል፤ «ለእውነት የቆሙ አባቴ» እያለ እግራቸውን ሊስም ይጎነበሳል። በመጣ ቁጥር ይሸሹታል፤ ሁለት ጊዜ ጎረቤት ቤት ተደብቀውበታል፤ እሱ ግን ትሕትና መስሎት የበለጠ ወደዳቸው። ሣህሉም ረስቷቸው አያውቅም። ካለበት ክፍለ ሀገር ሰው በመጣ ቁጥር ሰላምታ ይልካል፤ «ውለታዎ አለብኝ» ይላል አሉ።

«ሁለቱም?» አልኩ።

«ሁለቱም» አሉ። «ለምን እንደሆነ እኔ አልጠየቅኳቸውም።»

አዴ ለጢፋ ጎመኑን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም መሄድ ነበረብኝ፤ ገና ባይመሽም የመጣሁበትን አግኝቻለሁ ማለት እችል ነበር። ግን ፈየራን አሰብኩት። ለአራት ዓመት ከሰባት ወር በዚያ ጆሮ ተንጠልጥሎ የኖረ፣ አሁንም በየዓመቱ አመስጋኝ ሆኖ የሚመጣ ሰው፣ የሚያመሰግነው እውነት አለ ወይስ የለም? ለእሱ ስል ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ጠየቅኩ።

«ኦቦ ሙሐዲን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ቀን ተኩሱን በጆሮዎ ሰምተውታል?»

ያልሰሙኝ መስሎኝ ልደግመው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«እሱን ተወው» አሉኝ። «ሌላ ጠይቀኝ።»